ከወንበር መነሳት

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ትኬት ስትቆርጥ ኖራለች። ተሳፋሪው «የመስኮቷ እትዬ» ነው የሚላት፤ ብዙዎቹ ከደረቷ በታች አይተዋት አያውቁም። ስድሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ክብደቷ ዘጠና ስምንት ኪሎ። በውፍረቷ ሰው ከመቀለዱ በፊት ራሷ ትቀድም ነበር። «እኔን ለመዞርም ትኬት ያስፈልጋል» እያለች ታስቃቸዋለች።

ታላቅ እህቷ በስኳር በሽታ ሁለት የእግር ጣቶቿ የተቆረጡ ዕለት ግን ቀልዱ ከአፏ ጠፋ። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄዳ ተመረመረች። ነርሷ ውጤቱን አይታ፣ «ስኳርዎ ገና በሽታ አልሆነም፤ ግን ደጃፉ ላይ ነዎት። ግፊትዎም ከፍ ብሏል» አለቻት። ስለ ምግብና ስለ እንቅስቃሴ የሚያስረዳ ወረቀት ሰጥታ ከሦስት ወር በኋላ ቀጠረቻት። እሷ ግን «ደጃፉ ላይ ነዎት» ከሚለው በኋላ ያለውን አልሰማችም፤ ወረቀቱንም ሳታነበው ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ምግብን እንደ ጠላት ፈራችው። ጠዋት ባዶ ሻይ፣ ቀን ጥቂት ጎመን፣ ማታ ውሃ። ጡረታ የወጣው ሾፌር ባሏ ሳህኗን እያየ፣ «ከምግብ ጋር ተኳረፋችሁ እንዴ?» ይላታል። በአምስት ሳምንት ሰባት ኪሎ ቀነሰች። የሥራ ባልደረቦቿ «አማረብሽ» ሲሏት ፈገግ ትላለች፤ ውስጧ ግን አላመነም። ደረጃ ስትወጣ ጭኖቿ ይንቀጠቀጣሉ። ጫማዋን በፈታች ቁጥር ጣቶቿን አንድ በአንድ ትዳስሳለች።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ የመስኮቱ ሰልፍ እንደ ረዘመ፣ ከወንበሯ ልትነሳ ስትል እግሯ እምቢ አለ። ደግማ ሞከረች፤ ተመልሳ ዘጭ አለች። ከመስታወቱ ማዶ ያለው ሰው ሁሉ ያያታል። በመጨረሻ ጥበቃው ገብቶ በብብቷ ይዞ አነሳት። «በቃ፣ ስኳሩ እግሬን ያዘኝ» አለች በልቧ።

ቀጠሮዋን ሳትጠብቅ በነጋታው ነርሷ ዘንድ ሄደች።

«ምን ይበላሉ?» አለቻት ነርሷ።

ነገረቻት። ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«እትዬ፣ እግርዎን የያዘው ስኳር አይመስለኝም፤ ረሃብ ነው። በእርስዎ ዕድሜ ሰው ዝም ብሎ ሲራብ ስቡ ብቻውን አይሄድም፤ ጡንቻውንም ይዞት ይሄዳል። ከደም ውስጥ ስኳሩን የሚመጥጠው ደግሞ ጡንቻ ነው።»

«ታዲያ ምን ልሁን፣ ሲስተር? ብበላም ፈራሁ፣ ብተውም ወደቅሁ።»

«ይበላሉ። እንቁላል፣ ምስር፣ አትክልት፤ ዳቦውን በግማሽ። ለስላሳ መጠጥና ስኳር ይቅር። በየቀኑ ይራመዳሉ። ከዚያ ደግሞ ከወንበር ይነሳሉ።»

«ከወንበር?»

«በእጅዎ ሳይደገፉ ተነስተው መልሰው ይቀመጣሉ። በአምስት ይጀምሩ።»

ሠላሳ ዓመት ወንበር ላይ ለኖረ ሰው ይህ ስድብ መሰላት። ቤት ገብታ ግን ሞከረችው። ባሏ ፊት ለፊቷ ቆሞ ይቆጥራል። «አንድ። ሁለት። ሁለት ተኩል… በርቺ፣ ዳገት ላይ ማርሽ አይቀየርም።» ሦስተኛው ላይ ሳቋ አሸነፋትና ተቀመጠች፤ ሳቁ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። እሱም መቁጠሩን ትቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

ሦስቱ አምስት ሆነ፣ አምስቱ አሥራ ሁለት። ጠዋት ጠዋት ሁለት ፌርማታ በእግሯ ትሄዳለች። ፍርሃቱ ግን አብሯት ይራመዳል። ጫማ ሲቆነጥጣት መንገድ ዳር ቁጭ ብላ ጣቶቿን ታያለች። በአንዲት የሥራ ባልደረባዋ ሽኝት ላይ አንድ ቁራጭ ኬክ በላችና ቀኑን ሙሉ እንደ ሌባ ስትሸማቀቅ ዋለች።

የቀጠሮዋ ቀን ደረሰ። ነርሷ ውጤቱን ስታነብ ዘገየችባት።

«ጨመረ?» አለች፤ ድምፅዋ ቀጥኖ።

«ቀንሷል። ግፊትዎም ወርዷል።»

«ኪሎዬስ? ካለፈው ሁለት ብቻ ነው የቀነስኩት።»

«ወገብዎ ግን ስድስት ሴንቲ ሜትር ቀንሷል። የሄደው ክፉው የሆድ ስብ ነው።»

«እንግዲህ ተረፍኩ ማለት ነው?»

«ተሽሎዎታል። ከተዉት ግን ይመለሳል።»

ባሏ ከበሩ ውጭ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ፊቷን አይቶ ደነገጠ።

«ምን አሉሽ?»

«ቀንሷል አሉኝ።»

«ታዲያ ምነው ፊትሽ?»

«መልሶ ቢጨምርስ?»

እሱ ታክሲ ሊያስቆም እጁን ሲያነሳ ክንዱን ያዘችው። በእግራቸው ወደ ቤት አቀኑ። ጥቂት እንደሄዱ ከኋላዋ፣ «ኧረ ቀስ በይ፣ ጉልበቴን ፈጀሽው» ሲል ሰማችና ዞራ ቆማ ጠበቀችው።