በገመድ የታሰሩት ዓሣ አጥማጅ

የባለቤቴ አባት ካረጁ በኋላም ዓሣ ማጥመድ አልተዉም። የአውራ ዶሮ ላባ መንጠቆ ላይ በክር ጠቅልለው ዝንብ ያስመስሉና፣ ከሚዛን ከተማ በታች፣ ከቡናችን ግርጌ ያለው ወንዝ ላይ በዘንግ ይወረውሩታል። ባለቤቴ ቴፒ ይሠራ ስለነበር ልጆቹንም እሳቸውንም የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ክረምት ሲገባ ድንጋዩ ያንሸራትታል፤ ጉልበታቸውም ደክሟል። ብፈራ ጊዜ አንድ ቀን ወገባቸውን በፍየል ገመድ አስሬ ጫፉን ያዝኩ።

ወንዙ ዳር ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ሲያዩን ሳቁ።

«አባባ፣ ለገበያ ነው?» አለች አንዷ።

«ጥርሴን ሳታዪ እንዳትገዢኝ!» አሏት።

ወዲያው የዘንጉ ክር ተወጠረ። እሳቸው ወደ ውሃው ሲገቡ እኔ ወደ ኋላ ጎተትኩ።

«ልቀቂኝ፣ ትልቅ ነው!»

«እርስዎ ዘንጉን ይልቀቁ!»

ሁለታችንም አልለቀቅንም። ሴቶቹ ሮጠው መጥተው ከእኔ ጋር ሲስቡ፣ አባባ በመቀመጫቸው እየተንሸራተቱ ከነዓሣቸው ወጡ። ዓሣው ከመዳፌ አይበልጥም ነበር።

«አያችሁ፣ ሊወስደኝ ነበር!» ብለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ሁለተኛ እንዳይመጡ ልከለክላቸው አስቤ ነበር፤ እንዲያ ሲስቁ ሳይ ግን አልጨከንኩም። ገመዱን ብቻ ትንሽ አስረዘምኩላቸው።