የአቶ ሐጎስ ጆሮ

ኢምፔሪያል አካባቢ ባለ፣ በመርፌ በሚያክም የአኩፓንቸር ክሊኒክ በነርስነት ሥራ የጀመርኩ ቀን በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ከረባት ያሰሩም፣ ነጠላ የለበሱም ሰዎች በተርታ ተቀምጠው ጆሯቸው ላይ መርፌ ተሰክቷል። አንዱ ያንኮራፋል። ሁሉም መጠጥ ለማቆም የመጡ ነበሩ።

አለቃዬ ሙያውን ቻይና የተማሩ ሐኪም ናቸው። በየጆሮው አምስት ቦታ አሳዩኝ፤ መርፌዋ ከፀጉር ብዙም አትወፍርም። ይህ ብቻውን መጠጥ አያስተውም አሉኝ። ዋናው መድኃኒቱና ምክሩ ነው፤ ለዓመታት የጠጣን ሰው በአንዴ አቁም ማለትም ሊገድለው ይችላል ብለው አስጠነቀቁኝ።

አቶ ሐጎስ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ለተብርሃን ጋር ከሲኤምሲ መጡ። ጠጪው እሳቸው እንደሆኑ ነገሩን። እጃቸው አይንቀጠቀጥም፣ አፋቸው አይሸትም፤ ቢደብቁት ነው አልኩ። መርፌውን እየሰካሁ እገሥጻቸው ነበር። ለልጆችዎ ሲሉ፣ ለእኚህ ሴት ሲሉ እላለሁ። አንገታቸውን ደፍተው ይሰሙኛል። ወይዘሮ ለተብርሃን አጠገባቸው ማስቲካ ያኝካሉ፤ ቀና ብለው አያዩኝም።

አንድ ቀን ወገቡን ሊታከም የመጣ የሰፈራቸው ሰው አቶ ሐጎስን ከጠጪዎቹ ተርታ አያቸው። ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ሲኤምሲ ገባ። ብዙም ሳይቆይ አቶ ሐጎስ ከእድር ሰብሳቢነት ተነሡ፤ ሰካራም አይመራንም ተባለ።

ይህን የነገሩኝ ወይዘሮ ለተብርሃን ናቸው። አቶ ሐጎስ በተነሡ ማግስት አብረው ሲመጡ፣ ባላቸው ሊቀመጡ ሲሉ ክንዳቸውን ያዙና ወንበሩ ላይ ራሳቸው ተቀመጡ።

"ሐጎስ በሕይወቱ ጠጅ እንኳ ቀምሶ አያውቅም" አሉኝ። "የምጠጣው እኔ ነኝ።"

የመርፌውን ትሪ አስቀመጥኩ። ነገሩን የገለጡልኝ አቶ ሐጎስ ናቸው፤ ባለቤታቸው ሰው ያየኛል ብለው አልታከምም ሲሏቸው፣ "እኔ ታማሚ ልሁን፣ አንቺ አስታማሚ ሆነሽ ቦታውን ልመጂው" ብለዋቸው ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ የወጋሁትም የገሠጽኩትም ጤነኛ ሰው ነበር። ለምን ዝም አሉኝ አልኳቸው።

"ስትመክሪኝ እሷም ትሰማ ነበር፣ ልጄ።"

አለቃዬ የዚያን ቀን መርፌ አላስነኩኝም። ወይዘሮ ለተብርሃንን ሆስፒታል ላኳቸው፤ ተኝተው በሐኪም ክትትል መጠጡን አቆሙ። መርፌው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንዴ አገርሽቶባቸው ሕክምናውን እንደገና ጀምረዋል። ዛሬም ይመጣሉ። እድሩ አቶ ሐጎስን አልመለሰም፤ እሳቸውም እውነቱን አልነገሩትም።

ለአዲስ ነርሶች አንድ ነገር እላለሁ። ካርድ ያወጣውን ጠይቃችሁ ስትጨርሱ፣ አብሮት የመጣውንም ጠይቁ።