እስኪያስብ ድረስ

ይቅር በሉኝ፤ ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ስለ ሰው መጻፍ የእኔ ቢጤ ሥራ አይደለም።

መተማ፣ ሰሊጥ አጨዳ ላይ አብሮን የሰነበተ አንድ ሰው ነበር። በዚያ ሙቀት ሸሚዙን እስከ አንገቱ ይቆልፋል። ሱዳን ተሻግሮ የስደተኛ ወረቀት ሊጠይቅ ነው። እዚያ በእንግሊዝኛ ይመረምሩኛል ብሎ፣ ከተሻገሩ ሰዎች የሰማውን ጥያቄ በአማርኛ ጽፎ፣ ለምሳ ስናርፍ እኔን ያስነብበኛል፤ እሱ በእንግሊዝኛ መመለስ ይለማመዳል።

«ሥራህ ምን ነበር?» እላለሁ እየተንተባተብሁ።

«ዛት ኢዝ ኤ ጉድ ኩዌስችን» ይላል። «ጥሩ ጥያቄ ነው ማለት ነው። ይህን እስክል አስባለሁ፤ ነውርም የለው።»

«እኛማ ስናስብ ራሳችንን ነው የምናከው!» ብሎ ጓደኛዬ አዛናው ሳቀበት።

ሊሻገር አንድ ቀን ሲቀረው የመጨረሻዋን አነበብሁለት፤ «ልጆችህን ለማን ትተህ መጣህ?»

«ጉድ ኩዌስችን» አለ። «ሌት ሚ ሲንክ» አለ። «ጀስት ኤ ሞመንት፣ ፕሊስ» አለ፤ ላስብ፣ ጥቂት ታገሠኝ ማለቱ ነው። የሚያውቀው እንግሊዝኛ አለቀበት መሰለኝ፣ ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ አጠፈው። አላለቀሰም፤ ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት የሚያሻግሩት ሽማግሌ መጡ። «ይሂዱ አባቴ» አላቸውና ማጭዱን ይዞ ከእኛ ጋር ወደ ሰሊጡ ወረደ።