ነጩን ማሰሮ ያሟሸችው እናቴ

እስራኤል ውስጥ፣ ጌዴራ በምትባል ከተማ፣ ኮሪያ ድረስ ሄዳ ሰባት ዓመት ጭቃ ስታቦካ የኖረች አንዲት ሴት ነበረች። ቤኤር ቱቪያ ባለ ፋብሪካ ውስጥ ካርቶን ሳነሳ ወገቤ እምቢ ካለኝ በኋላ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ የእሷን ሸክላ መሥሪያ ክፍል የማጸዳው እኔ ነበርኩ። ሰባት ዓመት ጭቃ ለመማር! እናቴ በስድስት ዓመቷ ያወቀችውን።

ሴትዮዋ የምትሠራው ነጭ ዕቃ ብቻ ነው። ነጭ ሳህን፣ ነጭ ጽዋ፣ ነጭ ማሰሮ። ሐረግ የለው፣ ጌጥ የለው፣ እጀታ እንኳ የለው። ትልቁን “የጨረቃ ማሰሮ” ትለዋለች፤ ኮሪያዎች እንደዚያ ይሉታል አሉ። ሁለት ጎድጓዳ ሳህኖች ለየብቻ ትሠራና አንዱን በሌላው ላይ ደፍታ አፍ ለአፍ ታጋጥማቸዋለች። ስለዚህ ሆዱ ልክ ክብ አይሆንም፣ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ይላል። እንግዶቿ ከቴል አቪቭ ድረስ መጥተው አንገታቸውን አዘንብለው የሚያዩት ይህንኑ ነው። “ጉድለቱ እንዴት ያምራል” ይላሉ፣ “ዝምታው” ይላሉ። ሰው ምሳውን እንኳ ፎቶ ሳያነሳ የማይጎርስበት ዘመን ነበርና ማሰሮውንም ከየአቅጣጫው ያነሱታል። እኔ መጥረጊያዬን ተደግፌ በሆዴ እስቃለሁ። አገር ቤት የተጣመመ ማሰሮ ይዛ ገበያ የወጣች ሴት ይዛው ትመለሳለች።

ማታ ያቭነ ከተማ ለምትኖረው እህቴ እደውላለሁ።

“ዛሬ ደግሞ ስለ ማሰሮ ዝምታ ሲያወሩ ዋሉ።”

“ታዲያ ማሰሮ ሊጮህ ኖሯል?” ትለኛለች።

እንስቃለን። ከዚያ ስለ ልጆች፣ ስለ ጉንፋን እናወራለን። ስለ እናታችን ሥራ ግን አንድም ቀን አንስተን አናውቅም።

እናታችን ጎንደር ሳለች ሸክላ ሠሪ ነበረች። በእሷ ድስት ወጥ እየሠሩ፣ እሷ ስታልፍ የልጃቸውን ፊት በነጠላ የሚሸፍኑ ጎረቤቶች ነበሩን። ቡዳ ናት ይሏት ነበር። ውሃ ልቀዳ ስወርድ “የቡዳ ልጅ” የሚለኝ ስለማይጠፋ ገና በልጅነቴ ጭቃውን ጠላሁት። እውነቱን ልናገርና፣ ከጭቃውም አልፌ እናቴን አፈርኩባት። እስራኤል ስንገባ ሥራው ቀረ፤ እኔም ተገላገልኩ። በምንኖርባት በቂርያት ማላኪ ከተማ “እናትሽ አገር ቤት ምን ትሠራ ነበር?” ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ “የቤት እመቤት ነበረች” እላለሁ። እሷም አጠገቤ ሆና ትሰማኛለች።

ለሮሽ ሃሻና፣ ለአይሁድ አዲስ ዓመት በዓል፣ አሠሪዬ አንድ ትንሽ ነጭ ማሰሮ ሰጠችኝ። እቶን ውስጥ በአንድ ጎኑ ትንሽ ሰመጥ ብሎ የወጣ ነው። “ለሽያጭ አይሆንም፣ ግን እወደዋለሁ” አለችኝ። ለሽያጭ የማይሆነውማ ለጠራጊዋ ነው! ቤት ይዤው ገባሁና ለእናቴ አቀበልኳት።

“እንኪ፣ ቅቤ አድርጊበት።”

በሁለት እጇ ተቀብላ ተቀመጠች። ብርሃን ወዳለበት አዞረችው። ነጭ ነው ስል የኖርኩት ዕቃ በመስኮቱ ብርሃን ሲታይ አንድ ቦታ ላይ ወደ ወተት፣ ሌላ ቦታ ላይ ወደ ውሃ ይሄዳል። በጣቷ መታ አድርጋ ድምፁን ሰማች። ከዚያ መዳፏን በሆዱ ዙሪያ ስታስኬድ ቆየችና አንድ ቦታ ላይ ቆመች።

“እዚህ ላይ ነው ያጋጠመችው” አለች።

ዓመት ሙሉ እነዚህን ማሰሮዎች አቧራ ስጠርግ መጋጠሚያውን በዓይኔ አይቼው አላውቅም።

“ይቺ ሴት እጅ አላት” አለች እናቴ።

“እጅማ የሌለው ማን አለ?” አልኳት። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

በማግስቱ ጠዋት የነቃሁት በዘይት ሽታ ነው። እናቴ ማንኛዋም የአገራችን ሸክላ ሠሪ በአዲስ ዕቃ ላይ የምታደርገውን አድርጋለች። የእኛ ሸክላ ዘይት ተቀብቶ እሳት ላይ ካልተሟሸ ውሃ ያፈሳል። እሷም ነጩን ማሰሮ ውስጡን ዘይት ቀብታ ጋዙ ላይ ጥዳዋለች፤ ያውም በቀስታ፣ በጥንቃቄ። ነጩ ሸክላ ግን ከእቶን ሲወጣ እንደ ብርጭቆ የጠጠረ ነው፤ ዘይት አይጠጣም፣ እንዲህ ያለውን እሳትም አይችልም። ወጥ ቤት ስገባ ጧ አለና ከአፉ እስከ ታች ተሰነጠቀ።

ደስ አለኝ። ያ ሁሉ ዝምታ፣ ያ ሁሉ ሰባት ዓመት፣ አንድ የጋዝ ምድጃ አልቻለም!

እናቴ ግን ሰው የሞተባት ያህል ደነገጠች። “የሰው እጅ ሥራ ሰብሬ ዝም አልልም። ውሰጂኝ” አለች።

“እማ፣ ለመጣል የተዘጋጀ ዕቃ ነው፤ ተይው።”

“ሠሪዋ ያልጣለችውን የምትጥይ አንቺ ማን ነሽ?”

ማክሰኞ አብረን አውቶብስ ተሳፈርን። የተሰነጠቀውን ማሰሮ በነጠላዋ ጠቅልላ ጉልበቷ ላይ ይዛለች። ጌዴራ ስንደርስ እናቴ ሴትዮዋ ፊት ቆማ እጅ ነሳች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

“ይቅርታ አድርጊልኝ በያት። እኛ የምንሠራው ካልተሟሸ ያፈሳል፤ የእሷም እንደዚያ መስሎኝ ነው። እኔም ሸክላ ሠሪ እንደሆንኩ ንገሪልኝ።”

እዚህ አገር ከገባን ጀምሮ ስለ ሥራዋ ለሰው ንገሪልኝ ብላኝ አታውቅም። ከእኔ የፈለገችው ይህቺን አንዲት ነገር ብቻ ነው። እኔ ግን ዓይኔን መደርደሪያው ላይ ተክዬ በዕብራይስጥ እንዲህ አልኩ፦ “አሮጊት ናት፣ አልገባትም። ድስት መስሏት እሳት ላይ ጣደችው።”

ሴትዮዋ አዝና ፈገግ አለች። እናቴን እንደ ሕፃን ትከሻዋን መታ መታ አድርጋ “ቤሰደር፣ ቤሰደር” አለቻት፤ “ምንም አይደል” እንደማለት ነው።

እናቴ አየችኝ። ዕብራይስጥ አትሰማም ብዬ ስንቃት ኖሬአለሁ፤ ለካስ ይህን ያህሉን አሳምራ ትሰማለች። የናቁት ያደርጋል ራቁት ይሉ የለ? ራቁቴን ቆምኩ።

በጎኔ አልፋ ጠረጴዛው ላይ በላስቲክ የተሸፈነ እርጥብ ነጭ ጭቃ ነበርና ገለጠችው። እጅጌዋን ሰበሰበች። መሃሉን በጡጫዋ ከፈተችው፣ ከዚያ በጠረጴዛው ዙሪያ እራሷ እየዞረች ከታች ወደ ላይ ሳበችው። ጎኑ እየሳሳ፣ እየቆመ፣ ክብ አፍ እያወጣ መጣ። እስከ ዛሬ እንደዚያ ቀጥ ብላ ስትሄድ አይቻት አላውቅም።

“ጋም አኒ” አለች ሴትዮዋን እያየች። “እኔም” ማለቷ ነው።

ወዲያው ጎኑ ተንሸራተተ፤ ነጭ ጭቃ እንደ እኛ አፈር በአንድ ጊዜ ያን ያህል ከፍታ አይሸከምም። እናቴ “ውይ!” ብላ ሳቀች። ሴትዮዋ እጇን አፏ ላይ ጭና ቆይታ ነበር፤ ሮጣ መጣችና እጅጌዋን ሰብስባ አጠገቧ ቆመች። እንዴት እንደሚደገፍ አሳየቻት። እናቴ ደግሞ ያለ ሸክላ መሥሪያ መንኮራኩር፣ እራስ እየዞሩ እንዴት እንደሚሠራ አሳየቻት። አንዷ በዕብራይስጥ፣ አንዷ በአማርኛ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተነጋገሩ። ምን አለች ብሎ የጠየቀኝ የለም። ወለሉን ጠረግሁ።

ስንመለስ አውቶብሱ ውስጥ “እማ፣ እኔ እኮ…” ብዬ ጀመርኩ።

“ሐሙስ ነይ ብላኛለች” አለች በመስኮቱ እያየች። “መንገዱን አውቄዋለሁ። አንቺ አትምጪ።”