ፎቶ በበሬ የተለካ ጊዜ

ፎቶ አበላሸህ ተብዬ ከሥራ ታገድኩ። አላበላሸሁም።

ሥራ የጀመርኩት መካነ ሰላም ላይ ነው፤ ለገበሬው የመሬት ደብተር የባልና ሚስት ፎቶ የማንሳት ኮንትራት በወሰደ ድርጅት። የመጀመሪያ ቀን አለቃችን አቶ ጌታነህ ዲጂታል ካሜራ አንገቴ ላይ አንጠልጥሎ፣ «ማንበብ ትችላለህ?» አለኝ። ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ዓመቴ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። እችላለሁ አልኩት። «በል አንብባት» አለና ቁልፎቹን አሳየኝ። እንግሊዝኛ ነበር። ሳቀብኝ።

ሥራው አያስቸግርም። ሰዉን ነጭ ግድግዳ ሥር ታቆማለህ፣ ታነሳለህ፣ ቢሮ ተመልሰህ ኮምፒውተር ላይ ትጭናለህ። ወደ ደሴ የሚላከው ቅጂ ቦታ እንዳይፈጅ ይጨመቃል፤ ሲጨመቅ ጥራቱ ይቀንሳል። የደጋ ፀሐይ ደግሞ ጥምጣምና ሻሽ ሥር ያለን ፊት ያጠቁራል። ስለዚህ እኔ ጥቂት ብቻ ጨምቄ፣ ቅጂውን በሙሉ ፈካ አደርገው ነበር። በአጎራባቿ ማሻ በኩል የሚሠራው ባልደረባዬ ሞላ ግን አጥብቆ ይጨምቃል። የሱ ሰዎች ፊታቸው በትንንሽ ካሬ ተቆራርጦ፣ ዓይንና ቅንድብ አይለይም።

አቶ ጌታነህ የፎቶ ጥራት የሚለካ ፕሮግራም አስጫነ። ፕሮግራሙ ቅጂውን ከዋናው ጋር ነጥብ በነጥብ ያስተያይና ልዩነቱን ይደምራል። የኔ እያንዳንዷ ነጥብ ፈክታለች፤ ልዩነቴ በዛ። የሞላ ፎቶ አብዛኛው ነጭ ግድግዳ ነው፤ ግድግዳ ደግሞ ቢጨመቅም እንዳለ ይቀራል፤ ልዩነቱ አነሰ። እሱ ተመሰገነ፣ እኔ ታገድኩ። አቶ ጌታነህን ሁለቱን ጎን ለጎን ይዩዋቸው አልኩት።

«መለኪያ እያለ የኔ ዓይን ምን ያደርጋል?» አለኝ።

ደሴ ዋናው ቢሮ ሄጄ አቤት አልኩ። ወይዘሪት ሰላም የምትባል ባለሙያ ላኩ። እሷ ያመጣችው መለኪያ ሌላ ነው፤ የሰው ዓይን እንዴት እንደሚያይ ተጠንቶ የተሠራ። ዓይን ነጥብ አይቆጥርም አለች። ጠርዝና ቅርጽ ይፈልጋል፤ ሁሉም እኩል ቢፈካ ችላ ይላል፣ ቅርጹ ሲቆራረጥ ግን ይጎረብጠዋል። በዚህኛው ስንለካ የኔ ፎቶ በለጠ። አቶ ጌታነህም፣ ይሄ ፕሮግራም የሰዉን ዓይን እንደሚመስል በምን አወቅን ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ትክክል ነው፣ ሰዉን እንጠይቅ አለች።

ገበሬዎች ቢሮ ጠርተን ፎቶውን በስክሪን እያሳየን ከአምስት ነጥብ እንዲሰጡ አደረግን። ሁሉም ለሁሉም አምስት ሰጡ። የሞላ ፎቶ መጣ፤ ሽማግሌው አያ እንድሪስ አምስት አሉ።

«አያ፣ ዓይኑ እኮ አይታይም» አለቻቸው ወይዘሪት ሰላም።

«ልጄ፣ አላህ የፈጠረውን ፊት ሁለት በል ነው የምትይኝ?»

ክርስቲያኖቹም ከዚህ የተለየ መልስ አልነበራቸውም። አቶ ጌታነህ ፈገግ አለ። አለቀልኝ አልኩ።

አያ እንድሪስ ሊወጡ ሲሉ በር ላይ ቆሙ። «እንከን ፈልጉ ካላችሁን በሬ አምጡ። በሬ ስናማ የሚቀየመን የለም።»

ወይዘሪት ሰላም ሳቀች፤ ግን ቀልድ ብላ አልተወችውም። በገበያ ቀን ከከብት ተራ በሬዎች አነሳሁ። ግማሹን እንደኔ አፈካች፣ ግማሹን እንደ ሞላ ጨመቀች፤ በአሮጌው መለኪያ ሁለቱም ከዋናው ያላቸው ልዩነት እኩል እንዲሆን አድርጋ። እነዚያኑ ሰዎች ጠራናቸው።

የተጨመቀው ሲመጣ አያ እንድሪስ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። «ይሄ በሬ ነው ወይስ የተጣፈ ስልቻ? ቀንዱስ የት ገባ? አንድ።»

የፈካው መጣ። «ፀሐይ በዝቶበታል እንጂ በሬስ በሬ ነው። ጥርሱን ባየው እገዛው ነበር። አራት።»

የሌሎቹም እንዲሁ ሆነ። የሰዎቹ ነጥብ ከወይዘሪት ሰላም መለኪያ ጋር ገጠመ። አቶ ጌታነህ አሮጌውን ፕሮግራም አስወጣ። የማሻ ሰዎች እንደገና እንዲነሱ ተወሰነ። የላከው እኔን ነው፤ ይቅርታ የምትል ቃል ግን ካፉ አልወጣችም። እኔም እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ፦ ፎቶ የሚያየው ሰው ነው፤ መለኪያችሁ የሰውን ዓይን ካልመሰለ ቁጥሩ አይጠቅምም። ሰው ስትጠይቁ ደግሞ ሳያፍር ሊነቅፈው የሚችለውን ነገር አሳዩት።

እገዳዬ በጽሑፍ የተነሳው ግንቦት 27 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው።