በሩን የሚያየው ወንበር

ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነውና ነገር ማሳመር አላውቅበትም። አጎቴ ቁጡ ነበሩ፤ ከሞቱ በኋላ ደግ ነበሩ የሚለውን ሁሉ አልሰማም። ሳሎናቸውን ግን የሚያህል አልነበረም።

ጅማ፣ አወቱ መንደራ ሰፈር ባለው በዚያ ጠባብ ቤታቸው ሶፋውንና ቡፌውን ሲያዟዙሩ ይውላሉ። እንዴትም ቢያደርጉት ታዲያ እንግዳው ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ይቀመጣል። በሩን ፊት ለፊት የሚያየው የእሳቸው የጅማ ወንበር ብቻ ነው።

«እንግዳ እንዲህ ይቀመጣል እንዴ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ሰው በር በር እያየ ጨዋታ ጠፋ። በሩን እኔ አይላችኋለሁ።»

ጊዜው የደርግ ነው፤ አብዮት ጥበቃዎች ከየቤቱ ሰው ይወስዱ ነበር። ከሰዓት በኋላ እዚያ ተሰብስበን ስንስቅ፣ ኮቴ ሲሰማ አንዳችን «ማን መጣ?» ይላል። እሳቸው ቀና ብለው ያዩና፣ «ማንም የለም፤ አብሽሩ፣ ተጫወቱ» ይላሉ። እኛም መልሰን እንስቃለን።

የተቀበሩ ዕለት ቤቱ በለቅሶ ደራሽ ሞላ። ወንበራቸውን የደፈረ አልነበረምና ሄጄ ተቀመጥኩበት። የከሰዓቷ ፀሐይ በበሩ ገብታ ዐይኔ ውስጥ ተሰነቀረች። ዐይኔን አጠበብኩ፣ በእጄም ጋረድኩ፤ ከነጭ ብርሃን በቀር የሚታይ ነገር የለም። ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ምን ሲያዩ ነበር?

ደጅ ላይ ኮቴ ተሰማ። ጎረቤታችን ፊቷን ሳታዞር፣ «ማን መጣ?» አለችኝ።

«ማንም የለም» አልኳት። «አብሽሩ፣ ተጫወቱ።»