የሞተው ሞተር ድምፅ

አርቪድ ሎከን አሜሪካ፣ ሞንታና ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ኮሌጅ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሥነ ምግባር አስተምሯል። በየዓመቱ መስከረም ላይ ትምህርቱን የሚከፍተው በአንድ ጥያቄ ነበር፦ መዋሸት የሚፈቀድበት ጊዜ አለ ወይ? ተማሪዎቹ ይከራከራሉ፤ እሱ ጢሙን እያሻሸ ያዳምጣል፤ በመጨረሻም ግርማ ሞገሱን ሰብስቦ «የለም» ይላል። ይኸው ሰው ጡረታ በወጣ በስድስተኛው ዓመት፣ የልብስ ማድረቂያው ሞተር ተቃጥሏል ብሎ ለሚስቱ ለቬልማ ነገራት።

ሞተሩ አልተቃጠለም። የተበጠሰው ከበሮውን የሚያዞረው ቺንጋ ነበር። አርቪድ የማሽኑን ጀርባ ከፍቶ ሲያይ ይህን አውቋል። ነገር ግን ሞተሩ እዚያ ውስጥ ጤነኛ ሆኖ፣ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፤ እሱ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ሞተር ሲመኝ ኖሯል። በሥነ ምግባር ላይ የጻፋቸው ሁለት መጻሕፍት ሳሎን መደርደሪያ ላይ ነበሩ። አንዳቸውም አልጠሩትም።

የተመኘው ለጥይት ቀለህ ማጽጃ ነው። እዚያ አገር አዳኝ የተኮሰበትን ቀለህ አይጥልም፤ ለቅሞ ያጸዳውና ባሩድና እርሳስ ሞልቶ ደግሞ ይተኩሰዋል። የናስ ቀለሁ ጥላሸት የሚለቀው በሚሽከረከር ዕቃ ውስጥ ከተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ ጋር ለሰዓታት ሲገላበጥ ነው። ማጽጃው ተሠርቶም ይሸጣል፤ መግዛት ግን በሰፈሩ ወንዶች ዘንድ እጅ መስጠት ነው። ጎረቤቱ ዱዌን የራሱን የሠራው ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ ከገዛው የወተት መናጫ ሲሆን ቀለሁ እንደ ሙሽራ ቀለበት ያበራል። የአርቪድን ቀለህ ባየ ቁጥር «ፕሮፌሰር፣ እነዚህን ከየትኛው መቃብር ቆፈርካቸው?» ይለዋል።

ስለዚህ አርቪድ ጋራዡ ውስጥ መሸገ። ኮሌጁ ከጣለው የማባዣ ማሽን ሁለት ሮለር፣ ከተሰበረ የሣር ማጨጃ አራት ኩሽኔታ፣ ከትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ኪያር የነበረበት የፕላስቲክ በርሜል አገኘ። ከማድረቂያው የፈታውን ሞተር ዘንግ በቀጥታ ከአንዱ ሮለር ጋር አጋጥሞ በርሜሉን ሮለሮቹ ላይ አጋደመው። ቬልማ ሞተሩን ከየት አመጣኸው ብላ ስትጠይቀው ከአሮጌው የውሃ ፓምፕ ነው አላት። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የአርቪድ ግን እያደር ከበደው፤ ምክንያቱም ቬልማ ልብሷን ውጭ ታሰጣ ጀመር። ጥቅምት ነበር። ሱሪዎቹ ገመዱ ላይ በውርጩ እንደ ሳንቃ ይደርቃሉ፤ እሷም ቁርጥማት ያለባቸውን ጣቶቿን ሻይ ብርጭቆ ላይ ጠምጥማ ታሞቃለች። አርቪድ ቅርጫቱን ይሸከምላት ነበር፤ ይህንንም ደግነት ነው ብሎ ለራሱ መዝግቦለታል።

ማጽጃው ባለቀ ዕለት ዱዌን ሊያይ መጣ። በርሜሉ አራት ሰዓት ሙሉ በፍጥነት ሲሽከረከር ቆይቶ ሲከፈት፣ ቀለሆቹ እንደገቡ ጥቁር ናቸው። ዱዌን አንዱን አንሥቶ በብርሃን አየውና «እንዲያውም የጠቆሩ መሰለኝ» አለ። አርቪድ ሞተሩን እንደገና አስነሣው። ቬልማ ቅርጫቷን ታቅፋ በበሩ ስታልፍ የነበረው በዚያች ቅጽበት ነው። ቆመች። ጆሮዋን ዘንበል አደረገች።

«ይሄ የኔ ሞተር ነው» አለች።

«የውሃ ፓምፑ ነው» አለ አርቪድ። አፉ ከሱ ቀደመ።

«አርቪድ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰምቼዋለሁ። ሲነሣ አንዴ ያስነጥሳል፣ ከዚያ ያፏጫል።»

ዱዌን ኮፍያውን አጠለቀና ላሞቹን ልይ ብሎ ወጣ። ዱዌን ስንዴ ነው የሚያመርተው፤ አንዲት ላም የለውም።

አርቪድ ሞተሩን አጠፋና ሁሉንም ነገራት፤ የቺንጋውን ነገር፣ ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ ማወቁን። ቬልማ ቅርጫቱን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ብትጠይቀኝ እንቢ እልህ ነበር» አለች። «ግን አንተም ያው የማምንህ አርቪድ ትሆን ነበር።»

በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ተማሪ፣ እሱንም ጨምሮ አንድም መምህር፣ መዋሸት ለምን እንደማይፈቀድ በዚህ አጭር ቃል አላስረዳም። ቬልማ ልትሄድ ስትል በርሜሉን አየችና ጨመረች፤ ይህ እስከ ምጽአት ቢዞር አያጸዳም፣ ልብስ የሚደርቀው እየዞረ ከላይ ሲወድቅ ነው፣ የሱ ግን ከፍጥነቱ የተነሣ ሁሉንም ግድግዳ ላይ ለጥፎ ይዟል አለች።

እውነቷን ነበር። አርቪድ ኮምጣጤ በሚሸተው በርሜል አጠገብ ተቀምጦ ብዙ አሰበ። አንዱ ቀለህ ሌላውን ሳይነካ፣ ሳይወድቅ፣ አራት ሰዓት ሙሉ ዞሮ ረጅም መንገድ የሄደ ይመስለዋል። እንዲህ ያለ አንድ ሰው አውቃለሁ አለ በልቡ፤ ማዕረግም ሰጥተውት ነበር።

ማግስቱን ቺንጋ ገዝቶ ሞተሩን ወደ ቦታው መለሰ። ማድረቂያው አስነጠሰ፣ አፏጨ። ቬልማ መዳፏን የሞቀው ክዳን ላይ አሳረፈች፤ አላመሰገነችውም፣ ሊመሰገንም አይገባውም ነበር። ከሳምንት በኋላ አርቪድ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ልብስ በሌለበት ሰዓት ቀለሆቹን በማድረቂያው ላዙር ወይ ብሎ ጠየቃት።

«አይሆንም» አለች፣ ከመጽሔቷ ቀና ሳትል።

«እሺ» አለ። ደስ አለው፤ ለምን ደስ እንዳለው ለማስረዳት ግን አንድ ሙሉ የትምህርት ዘመን ያስፈልገው ነበር። ከዚያ ማድረቂያው አጠገብ በርጩማ አስቀምጦ፣ ስድሳውን ቀለህ በኮምጣጤና በጨው፣ በአሮጌ ጨርቅ፣ አንድ በአንድ ወለወላቸው። አምስት ቀን ፈጀበት። በሦስተኛው ቀን ጣቶቹ አልታጠፍ አሉት፤ ቬልማም ሳይጠይቃት አንድ ብርጭቆ ሻይ አጠገቡ አኖረች።

የአደን ወቅት በተከፈተበት ጠዋት ዱዌን የአርቪድን ጥይቶች በመዳፉ አገላብጦ አፉን ያዘ።

«ፕሮፌሰር፣ ምን ዓይነት ማሽን ሠራህ?»

«ማሽን የለም። በእጄ ነው የወለወልኳቸው።»

ዱዌን ብዙ ሳቀ። «እሺ፣ ሚስጥር ከሆነ ሚስጥር ነው በለኝ» አለ። «በዚህ ዕድሜህ ግን አትዋሽ።»